ለሽማግሌ የተዋሱት ቴሌቪዥን

«ቴሌቪዥኑን አምጡት፤ እሱን ግን እንዳታመጡት» ሲል ሰማሁት ወንድሜን። እሁድ ጠዋት ነው፣ ከቤተ ክርስቲያን መመለሳቸው ነበር፤ እኔ ከኩሽናው በአንድ ቆርቆሮ ብቻ በምትለየው ሰርቪስ ቤቴ ውስጥ ጥርሴን እየፋቅሁ ነበር። የእኔ ጆሮ ደግሞ የዋዛ ጆሮ አይደለም። አሥራ ዘጠኝ ዓመት አውቶቡስ ስነዳ በኋላ በር የሚንሾካሾክ ኪስ አውላቂ ከመሪው ላይ ሆኜ እሰማ ነበር፣ ከእነ ስሙ። «ዕድሜውን ቁጭ ብሎ ቴሌቪዥን ሲያይ የጨረሰ ሰው ሽማግሌ ፊት ምን ብዬ ላስቀምጠው?» አለ ቀለመወርቅ ለሚስቱ ለጽጌማርያም። «ሥራህ ምንድን ነው ቢሉት ምን ሊል ነው? በአጎትየው ወንበር ጋዲሳ ይቀመጥበት። ቡፌው ግን ባዶ ሆኖ አስጠልቷል፣ ቴሌቪዥኑን እንዋሰውና ይቀመጥበት። የሰው ቤት ይምሰል።» ጽጌማርያም «ይከፋዋል እኮ» አለች። «ይክፋው» አለ። ከዚያ በኋላ የሰማሁት ውሃ ሲፈስ ብቻ ነው።

የጥርስ መፋቂያውን ከአፌ አወጣሁና አልጋዬ ላይ ተቀመጥኩ። ዛሬ በስምንት ሰዓት የወንድሜን ልጅ እፀገነትን ለመጠየቅ ሽማግሌ ይመጣል። ልጅ ስትጠየቅ አባት በአንድ ወገን፣ አጎት በሌላ ወገን ይቀመጣል፤ ይሄ ማንም የሚያውቀው ነገር ነው። እፀገነት ደግሞ ከእኔ ከባምላኩ ሌላ አጎት በዚህች ምድር ላይ የላትም። በዚያ ወንበር ላይ አለመቀመጥ ማለት ከሰው አለመቆጠር ማለት ነው፤ ከዛሬ ጀምሮ ሠርጉም ላይ፣ ክርስትናውም ላይ፣ የራሴም ቀብር ላይ ሳይቀር ከበር ውጭ መቆም ማለት ነው። ጋዲሳ ማን ነው? አጠና ተራ ከወንድሜ የእንጨት መደብር አጠገብ ሚስማርና ማጠፊያ የሚሸጥ፣ ደግ፣ ግን ቁጭ ባለበት ሁሉ እንቅልፍ የሚወስደው ሰውዬ ነው። የእኔን ወንበር ለሚያንቀላፋ ሰው! ደሜ ፈልቶ ከጣሪያው ጋር ሊያላትመኝ ምንም አልቀረውም። የዛሬን ቀን ቀለመወርቅን ልኩን ሳላሳየው ብውል ባምላኩ አይደለሁም ብዬ ማልኩ፤ እኔ ደግሞ ከማልኩ ኮልፌ ቀራንዮ በሙሉ ቢለምነኝ አልመለስም።

ብዙም ሳይቆይ ጽጌማርያም መጣች። በሩን ሳታንኳኳ ነው የምትገባው፤ ዛሬ ግን አንኳኳች። «ባምላኩ፣ ወንድሜ፣ እንግዶች ስለሚመጡ ነው... ቴሌቪዥኗን ለዛሬ ብቻ...» ዓይኗን ወለሉ ላይ ጥላ ቀረች። እኔ እንደ ንጉሥ እጄን ዘረጋሁ፤ «ውሰዱ እንጂ! የእናንተ አይደለችም እንዴ?» አልኳት። ቴሌቪዥኗ አርባ ሦስት ኢንች ናት፣ ለሰው ግን ሃምሳ አምስት ነው የምለው፤ መርካቶ በሠላሳ አራት ሺህ ብር ነው የገዛኋት፣ ለሰው ግን ስልሳ ነው የምለው። እፀገነት በአንድ ጫፍ፣ እናቷ በሌላ ጫፍ ይዘዋት ግቢውን ሲሻገሩ፣ ወንድሜ በረንዳው ላይ ነጭ በነጭ ለብሶ ቆሞ «ቀስ! ቀስ! ጠርዙን!» ይላል። እሱ ራሱ ቴሌቪዥን የሚባል ነገር ቤቱ አስገብቶ አያውቅም። ሰባት ዓመት ሙሉ ሲሰብከኝ የኖረ ሰው ነው። ሒሳብ ይወዳል፤ «በቀን ስምንት ሰዓት፣ በዓመት ሁለት ሺህ ዘጠኝ መቶ ሃያ ሰዓት! በዚህ ሰዓት እኮ ዶክተር ይወጣህ ነበር» ይለኛል። ስምንት ሰዓት ማለቱ ነው የሚያናድደኝ። እኔ እኮ አሥራ አራት ሰዓት ነው የማየው።

ቴሌቪዥን ማየት ጊዜ ማባከን ነው የሚሉ ሰዎች እግር አላቸው፣ ወገብ አላቸው፣ መሄጃ አላቸው። የእኔ ወገብ መሪው ላይ እንዳለሁ ቀጥ ያለ ቀን አሥራ አንድ ወር ተኛሁ። ከወንድሜ በር እስከ እኔ በር አሥራ ሁለት እርምጃ ነው። በአሥራ አንድ ወር ውስጥ ሁለት ጊዜ መጣ፤ አንደኛውን ጊዜ የመጣው መሰላል ሊወስድ ነው። እፀገነት ግን በየቀኑ ትመጣ ነበር፣ ደብተሯን ይዛ አልጋዬ ጫፍ ላይ ትቀመጥና እኔ ቴሌቪዥኑን፣ እሷ ደብተሩን። ከእሷ ሌላ በዚያች ክፍል ውስጥ ሰው የሚባል ድምፅ ያሰማኝ ያ ሣጥን ነው። እናም ምን አባከንኩ? ስልሳ አንድ የልብ ቀዶ ጥገና አይቻለሁ፤ ንጹሕ ቢላዋ ብቻ ስጡኝ። የጀርመን ምክር ቤት ስንት ወንበር እንዳለው አውቃለሁ። አንበሳ ሚዳቋ ሊይዝ ሲያደባ ከጅራቱ አነሳስ ይሳሳት አይሳሳት እነግራችኋለሁ። አንድ ጊዜ ስላየሁት ፊት ደግሞ ባላወራ ይሻላል፤ የእኔ ዓይን ፊት አይረሳም። ይሄ ሁሉ ትምህርት ለምን ይጠቅማል ቢባል፣ እኔም እስከዚያ እሁድ ድረስ መልሱን አላውቀውም ነበር።

አምስት ሰዓት ተኩል ሲሆን ቀለመወርቅ ራሱ በሬ ላይ መጣ። ሦስተኛው ጊዜ መሆኑ ነው። ወደ ውስጥ አልገባም። ቴሌቪዥኑ የነበረበትን ቦታ፣ ግድግዳው ላይ የቀረውን አራት ማዕዘን ነጭ ምልክት፣ አየና ጉሮሮውን ጠረገ። «እስቲ ዓለም ባንክ ሰፈር ጽጌ እህት ዘንድ ደርሰህ ትልቁን ብረት ድስት አምጣልን። እግርህም ይፍታታልሃል።» ዓለም ባንክ! በእሁድ ታክሲ፣ ደርሶ መልስ፣ ከድስት ጋር፣ ለወገበ ቁራጭ! ድስቱ እንደማያስፈልግ ኩሽናው ውስጥ የተደረደሩት አራት ድስቶች ይመሰክራሉ። ፊቱን አየሁት፤ እሱም አየኝ። አባታችን ሲሞት በአንድ አግዳሚ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠን ሦስት ቀን አንድ ቃል ሳንነጋገር ያሳለፍናት ዝምታ መጥታ መካከላችን ቆመች። «እሺ ጋሼ» አልኩት። ኮቴን ለበስኩ፣ ያቺን ለበዓል የማወጣትን ቡናማዋን፤ ድስት ሊያመጣ የሚሄድ ሰው እንዲህ ለብሶ አይሄድም፣ እሱ ግን ልብ አላለም።

18 ማዞሪያ ስደርስ ረዳቶቹ «ዓለም ባንክ! ዓለም ባንክ! ሁለት ሰው!» ይላሉ። አልገባሁም። ከአደባባዩ ዝቅ ብላ ያለችው የሃጂራ ሱቅ ሄጄ ከበሩ ጥላ ሥር ባለው ዱካ ላይ ተቀመጥኩ። ሃጂራ ከማቀዝቀዣው በላይ ትንሽ ቴሌቪዥን አላት፤ በኮልፌ ውስጥ ከእኔ ቀጥሎ የምታየው እሷ ናት፣ ከእኔ ጋር ስትወዳደር ግን ጀማሪ ናት። «ምነው አምሮብሃል? ልታገባ ነው እንዴ?» አለችኝ ለስላሳውን እየከፈተች። «ሃምሳ ገብቷል፣ እንዳትደነግጥ።» ሃምሳ! ባለፈው ሳምንት አርባ አምስት ነበር። ልከራከራት አፌን ስከፍት፣ ከሱቁ ኋላ ካለው ግቢ የሰው ድምፅ ሰማሁ። አንድ ሽማግሌ ሰው እያነበበ ነው። ያነባል፣ ይሳሳታል፣ እንደገና ይጀምራል። በመካከል ጎረምሳ ድምፅ «አይደለም ጋሽ ደሜ፣ ከወልደ ሐና በኋላ ነው ተክሌ የሚመጣው» ይላል።

አንገቴን አሰገግኩ። የሃጂራ ተከራይ ኤልያብ ነው፣ የኤሌክትሪክ ሠራተኛው፣ ዛሬ እፀገነትን የሚያስጠይቃት ልጅ። ከአጠገቡ ሱፍ የለበሱ ሁለት ሰዎች ቆመዋል፣ አንደኛው አለቃው ነው፣ አንደኛው የአለቃው ጓደኛ። ሦስተኛው በርጩማ ላይ የተቀመጠ፣ ጢሙ ጥጥ የመሰለ፣ ጋቢው ከጢሙ የባሰ የነጣ ሽማግሌ ነው፤ ወረቀት ከዓይኑ አርቆ ይዞ የቅድመ አያት ስም ያጠናል። ቀና ብሎ በራሱ ስህተት ሳቀ። «ኧ... ኧሄ... ኧሄሄሄ!» በሦስት ደረጃ የሚወጣ ሳቅ ነው፣ መጨረሻው ላይ ትከሻው አብሮ ይነሳል። ለስላሳው ከእጄ ሊያመልጥ ነበር። ይሄንን ሳቅ ሰማንያ ሺህ ጊዜ ሰምቼዋለሁ! የልብስ ሳሙና ማስታወቂያው ሽማግሌ ነው! የልጅ ልጁ ቀይ ወጥ ጋቢው ላይ ትደፋበታለች፣ እናትየው ትደነግጣለች፣ እሱ ግን «ኧሄሄሄ፣ ይቺ ምን አላት!» ይልና ጋቢው በሚቀጥለው ሰከንድ በረዶ ይመስላል። አሥራ አንድ ወር ሙሉ ስተኛ በየዜናው መሐል እየመጣ የሳቀልኝ ሰው።

«ሃጂራ፣ ይሄ ሰውዬ...»

«ዝም በል!» አለች ጣቷን ከአፏ ላይ አድርጋ። ባንኮኒውን ዞራ ወጣች። «ወላሂ አንዲት ቃል ከአፍህ ብትወጣ ከዛሬ ጀምሮ በሱቄ በር አታልፍም። ልጁ በማሳደጊያ ነው ያደገው፣ እናት የለው፣ አባት የለው። ወንድምህ ደግሞ የሥጋ ዘመድ ካልመጣ በሬን አልከፍትም አለ። የሥጋ ዘመድ ከየት ያምጣ? ከሉካንዳ?»

«እፀገነት ታውቃለች?»

«ሰውየውን ያገኘችው ማን ሆነና?»

እዚያው ዱካ ላይ ቁጭ ብዬ አሰብኩ። ሰው በቀል ሲያስብ እንዴት እንደሚጣፍጠው የማያውቅ ቂም ይዞ የማያውቅ ሰው ብቻ ነው። አንዱ መንገድ ቀላል ነበር፤ ሽማግሌዎቹ ተቀምጠው፣ ጋዲሳ በወንበሬ ላይ አንቀላፍቶ፣ ወንድሜ አንገቱን እንደ ባለ ርስት ቀጥ አድርጎ ሳለ ገብቼ «ጋሼ፣ የሳሙና ሽማግሌ ነው ልጅህን የሚጠይቅህ!» ብዬ መጮህ። ቤቱ ይፈርሳል፣ ለሦስት ትውልድ የሚወራ ነገር ይሆናል። እኔ ግን እንዲህ ብጮህ ከፍርስራሹ ሥር የምትገኘው ደብተሯን ይዛ አልጋዬ ጫፍ ላይ የተቀመጠችው ልጅ ናት። እሷ ሳትነካ እሱ ብቻ እንዲመታ የሚያደርግ በቀል ያስፈልገኛል። በዓለም ላይ እንዲህ ዓይነቱን ነገር ማሰብ የሚችሉ ሰዎች ከአራት አይበልጡም፤ አንደኛው ሃጂራ በር ላይ የሃምሳ ብር ለስላሳ እየጠጣ ነበር።

በስምንት ሰዓት ኤልያብ ሦስቱን ሽማግሌዎች ወደ እኛ ሰፈር ሸኝቶ እሱ ሱቁ ውስጥ ቀረ፣ ጥፍሩን ይበላል። እኔ ሩብ ሰዓት ታገስኩ። ከዚያ ተነስቼ በቀስታ፣ ኮቴን እያስተካከልኩ፣ ወደ ወንድሜ ሳሎን ሄድኩ። በሩ ክፍት ነው። ውስጥ ያለው ነገር ሁሉ ዛሬ የተዋሱት ይመስላል፤ የሶፋው ልብስ ከጎረቤት፣ ምንጣፉ ከዕድር፣ በቡፌው ላይ ደግሞ የእኔ ቴሌቪዥን ጠፍታ፣ ጥቁር መስታወት ሆና፣ የሁሉንም ፊት እያሳየች ተቀምጣለች። ሽማግሌዎቹ «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» ብለው እንደ ደንቡ ቆመው ተለምነው፣ አሁን ተቀምጠዋል። ጋዲሳ በወንበሬ ላይ ነው፣ ዓይኑ በግማሽ ተከድኗል። ጋሽ ደሜ እጁን ከጋቢው ውስጥ አውጥቶ ይናገራል። ንግግሩ ደግሞ! ድምፁ ከደረቱ እየተንከባለለ ይወጣል፤ «የልጃችን አባት ቢኖር እኔን አይልክም ነበር፣ ራሱ በጉልበቱ ይመጣ ነበር» ሲል ጽጌማርያም ጓዳ ሆና ስታለቅስ ይሰማል። ወንድሜ አፉን ከፍቶ ቀርቷል። እንዲህ ዓይነት ሽማግሌ በዘመኑ አይቶ አያውቅም።

በሩ ላይ ቆምኩ። ወንድሜ አየኝና ፊቱ ተቀየረ። «ድስቱስ?» አለኝ ጥርሱን ሳይከፍት።

«ዓለም ባንክ ነው ያለው» አልኩት። ከዚያ ወደ እንግዶቹ ሄጄ አንድ በአንድ ዝቅ ብዬ እጅ ነሳሁ። ሦስተኛው ዘንድ ስደርስ እጁን በሁለት እጄ ያዝኩና ጋቢውን በአድናቆት አየሁት። «አባቴ፣ ጋቢዎት እንዴት ነጥቷል! በምን ሳሙና ነው የሚያሳጥቡት?»

ወንድሜ በኀፍረት ዓይኑን ጨፈነ፤ በዚህ ትልቅ ጉዳይ መሐል ስለ ሳሙና የሚያወራ ወንድም ሰጠኝ ብሎ ፈጣሪውን እያማረረ እንደሆነ ከግንባሩ ላይ አነበብኩ። ከጓዳ ብርጭቆ የያዘ ትሪ ይዛ የምትመጣው እፀገነት ደግሞ በመንገዷ ላይ ቀጥ አለች። ጋሽ ደሜ ዓይኔን አየ። ከዚያ ምስኪኑ ሰውዬ ሲደነግጥ የሚያደርገውን አደረገ፤ ሳቀ። «ኧ... ኧሄ...» ሦስተኛው ደረጃ አልወጣም። እጁን ጨመቅ አደረግሁለት፣ እንዲገባው ያህል ብቻ፤ ከዚያም ለቀቅኩትና ወደ በሩ ተመልሼ፣ እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ፣ አንገቴን ደፍቼ ቆምኩ። መቀመጫ እንደሌለው ሰው። የትም ብትሄዱ እንደዚያ ያለ አቋቋም አታዩም።

ጋሽ ደሜ ጉሮሮውን ጠረገ። ሰውየው ሞኝ አልነበረም። «ይቅርታ ያድርጉልኝ አቶ ቀለመወርቅ» አለ፣ «እኚህ ቆመው ያሉት ማን ናቸው?»

«እ... ወንድሜ ነው። ታናሼ።»

«የልጅቷ አጎት?»

«አዎ።»

ሽማግሌው በቀስታ ተነሳ። ሲነሳ ሁለቱም ባለ ሱፎች ምን እንደሆነ ሳይገባቸው ተነሱ። «የሥጋ ዘመድ ካላመጣችሁ አልከፍትም ማለትዎን ሰምተን፣ አክብረን መጣን። የራስዎ ሥጋ ግን በር ላይ ቆሟል። እኛ በወጣንበት አገር አጎት ቆሞ ልጅ አትጠየቅም። ወይ እሳቸው ይቀመጣሉ፣ ወይ እኛ እንሄዳለን።»

ወንድሜ ፊቱ ከአንገቱ ጀምሮ ቀላ፣ ጆሮው ላይ ሲደርስ ጠቆረ። ጋዲሳ ከእንቅልፉ ነቅቶ የሆነ ነገር እንደተበላሸ ስለገባው በራሱ ተነስቶ ወንበሩን በእጁ መዳፍ ጠረገልኝ። ሄጄ ተቀመጥኩ። ከወገቤ መታመም ወዲህ እንዲህ ቀጥ ብዬ ተቀምጬ አላውቅም። ቀለመወርቅ በአጠገቤ ነው፣ ክንዳችን ይነካካል፤ እሱ ወደ ፊት ያያል፣ እኔም ወደ ፊት አያለሁ፣ ከፊታችን ያለችው ቴሌቪዥን ውስጥ ግን ጎን ለጎን ተቀምጠን እንታያለን።

በዚህ ብተወው እንኳ ይበቃኝ ነበር። አልተውኩትም። ወንድሜ ክብሩን ለመመለስ ብሎ የሰባት ቤት ዘር ቁጠሩልኝ አለ። ጋሽ ደሜ በዚያ ደረቱ ጀመረ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ ወልደ ሐና... ወልደ ሐና ላይ ቆመ። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፣ ድምፅ አልወጣም። እፀገነት ትሪውን ይዛ እኔን አየችኝ። ያን አስተያየት ከልጅነቷ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ ሒሳብ ሲያቅታት እንዲህ ነው የምታየኝ። ቀለመወርቅ ቅንድቡን ሰብስቦ ሊናገር ሲል ጉልበቱ ላይ እጄን ጣል አደረግሁበት። «ጋሼ፣ ሽማግሌ አታድክም። እኚህን ሰው እኔ አውቃቸዋለሁ።»

«አንተ? ከየት?»

«ከድሮ። ታምሜ በተኛሁ ጊዜ አንድ ቀን ሳይቀሩ፣ ጠዋትም ማታም፣ ክፍሌ ድረስ እየመጡ የጠየቁኝ ሰው ናቸው።»

ወንድሜ ያን ጊዜ የት እንደነበር እኔም አውቃለሁ፣ ሚስቱም ታውቃለች፣ መሰላሉም ያውቃል። አሥራ ሁለት እርምጃ ሲያስፈራው የነበረ ሰው፣ ባዳ ሽማግሌ በየቀኑ ያደረገውን ሲሰማ አንገቱ በኮሌታው ውስጥ ጠፋ። በቀጠሮ ሊመልሳቸው፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ሊያመላልሳቸው እንዳሰበ አውቃለሁ፤ ልማዱም እንደዚያ ነው። እኔ ግን በጆሮው «ቃል ስጣቸው» አልኩት። አልለመንኩትም፣ አዘዝኩት። ከአባታችን በኋላ ወንድሜን ያዘዘው ሰው እኔ ብቻ ነኝ። «እንግዲህ... ፈቃደ እግዚአብሔር ከሆነ... ሰጥቻለሁ» አለ። እልልታው ከጓዳ ሲነሳ ጋዲሳ በድንጋጤ አጨበጨበ።

ምግብ ቀረበ። ጋሽ ደሜ ቀይ ወጡን ሲጎርስ ጋቢውን እስከ ክርኑ ሰብስቦ፣ ከማዕዱ ክንድ ሙሉ ርቆ ነበር የሚበላው፤ ልማድ ሆኖበታል መሰለኝ። ሲሄዱ እስከ ግቢው በር ሸኘኋቸው። ሁለቱ ቀደም ሲሉ ክንዴን ያዘኝ። «እንዴት አወቁኝ?» አለኝ በሹክሹክታ። የፈራ አይመስልም፣ ዓይኑ ያበራል። «መንገድ ላይ አንድ ሰው አውቆኝ አያውቅም እኮ። አንድም ሰው! ... ሳቁ ጥሩ ነበር?»

«በአፍሪካ አንደኛ ነበር» አልኩት። ይሄን ስል ግን እውነቴን ነው።

ስመለስ ወንድሜ ሳሎኑ ውስጥ ብቻውን ቆሟል። የጎረቤቱ የሶፋ ልብስ ተነስቷል፣ ምንጣፉ ተጠቅልሏል፣ ቴሌቪዥኔ ብቻ ቡፌው ላይ ናት። ላነሳት ስጠጋ «ቆይ» አለኝ። ቆየሁ። ጥፍሩን አየ፣ ጣሪያውን አየ። «ያ ሰውዬ... አቶ ደሜ... በእውነት ክፍልህ ድረስ ይመጣ ነበር? ሰው ሲገባ ሲወጣ እኮ እኔ አላየሁም።»

«በቴሌቪዥን ነው ጋሼ የማውቃቸው።»

«በቴሌቪዥን?» ድምፁ ተሰነጠቀ። «ምን ሆኖ? ባለሥልጣን ነው? ወይስ...» ዙሪያውን አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ «ወይስ ፖሊስ የሚያሳየው ነገር ላይ ነው?»

እዚህ ላይ አፌን ለመያዝ ያደረግኩትን ትግል እግዜር ብቻ ነው የሚያውቀው። እኔ ባምላኩ፣ ያላየሁትን እንኳ የማወራ፣ ያየሁትን ዋጥኩ። የአሥራ አንድ ወሩን ሁሉ በዚያች ዝምታ ውስጥ ጠቅልዬ ሰጠሁት። «እንዲህ በአፍ የሚነገር አይደለም» አልኩት፣ «ማየት ነው።»

ማንን ይጠይቃል? ኤልያብን ቢጠይቅ ሽማግሌህን አላምንም ማለት ነው፤ ጋዲሳን ቢጠይቅ ነገ አጠና ተራ በሙሉ ያወራዋል። ቃሉን ደግሞ ሰጥቷል። ሶፋው ላይ ተቀመጠ፣ ጋቢውን በጉልበቱ ላይ ደረበ። «እስቲ ክፈታት» አለኝ። ሪሲቨሯን ከክፍሌ አመጣሁ፣ ገመዱን በመስኮት ጎትቼ አሥራ ሁለቱን እርምጃ አሻግሬ አገናኘሁለት። ሪሞቱን በእጁ ሰጠሁት፤ ተገልብጦ ያዘው፣ አስተካከልኩለት። ጽጌማርያም ከጓዳ ብቅ ብላ ባሏን ቴሌቪዥን ፊት ስታይ ማማሰያው ከእጇ ወደቀ። እፀገነት ከኋላዋ ቆማ አንዴ አባቷን፣ አንዴ እኔን አየች፤ ከዚያ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ወደ ጓዳ ሮጠች፣ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል።

አሥራ ሁለት ሰዓት ሊሆን ነው፤ ፀሐይዋ ከአጠና ክምሩ በላይ ቀልታለች። እኔ በረንዳው ላይ ወንበር አውጥቼ እግሬን ዘርግቻለሁ። ከውስጥ የከብት ሐኪም ስለ ጥጃ ተቅማጥ ያስረዳል።

«ባምላኩ! ይሄ ነው?»

«አይደለም ጋሼ።»

ልጆች ይዘምራሉ፣ አንዲት ሴት ኬክ ትጋግራለች፣ አንድ ፕሮፌሰር ስለ አፈር ይናገራል። ወንድሜ አንዱንም አያሳልፍም።

«ይሄስ? ጢም አለው።»

«እሱም አይደለም።»

«ሲመጣ ትነግረኛለህ አይደል?»

«እንዴ፣ ታዲያስ! አንተ ብቻ ዓይንህን እንዳትነቅል።»

ያ የሳሙና ማስታወቂያ ከተቋረጠ ሁለት ዓመት አልፎታል።